የመጨረሻው ረድፍ

ጠብታ ይሏታል። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም በሕንፃው ውስጥ የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቅጽል ስሙን የሰጧት የቤተ ሙከራው ኃላፊ ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው፣ ድምፃቸው ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማ፣ ሲስቁ መነጽራቸውን የሚያወልቁ አንጋፋ ፕሮፌሰር። በተቀጠረች በሁለተኛው ወር ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ፣ ጠብታ በጠብታ ስትመረምር አገኟትና «ይህቺ ልጅ እኮ ራሷ ጠብታ ልትሆን ነው» አሉ። በዚያው ቀረ።

ሥራዋ እንዲህ ነው። የአንድን ፕሮቲን ቅርጽ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በምንም መነጽር ሊያየው አይችልም፤ ከመጠን በላይ ትንሽ ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑን አንጥሮ፣ ከጨው ጋር በጥቃቅን ጠብታ ቀላቅሎ ይጠብቃል። ከቀናው ጠብታው ውስጥ ክሪስታል ይበቅላል። ክሪስታሉ ላይ ኤክስሬይ ሲለቀቅበት ጨረሩ ተበትኖ በሺህ የሚቆጠሩ ነጠብጣቦች ይጥላል፤ ከነዚያ ነጠብጣቦች ተነስቶ ቅርጹን በስሌት መገንባት ይቻላል። ካልቀናው ግን፣ ብዙ ጊዜም አይቀናም፣ ጠብታው ወይ ጥርት ብሎ ይቀራል ወይ እንደ እርጎ ይቋጠራል።

ጠብታ ሦስት ዓመት ሙሉ እርጎ ስታይ ኖረች። ፕሮቲኑ ጉበት ውስጥ የሚኖር የአንድ ጥገኛ ትል ኤንዛይም ነበር። መሐሉ ላይ ኪስ የመሰለ ጎድጓዳ ቦታ አለው። እዚያ ኪስ ውስጥ ገብታ የምትሰነቀር ትንሽ ሞለኪዩል ብትገኝ ትሉ ይሞታል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ጠብታዎቹ የሚቀመጡበት ክፍል መስኮት የለውም፤ ክረምት ከበጋ አሥራ ስምንት ዲግሪ ነው። ታላቅ እህቷ የሠራችላትን ሹራብ ደርባ በመደርደሪያዎቹ መሐል ትመላለሳለች። ይህቺ እህት፣ ጠብታ «እትዬ» የምትላት፣ ወላጆቻቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገቻት ናት። በሆስፒታል ስፌት ክፍል አንሶላና ጋውን ትሰፋለች። «ዛሬስ በቀለልሽ?» ብላ ሳትጠይቃት የዋለችበት ቀን የለም፤ ዘር የዘራች ነበር የሚመስላት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በቀለ። መርፌ የመሰለ፣ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ክሪስታል። ጋሼ መጥተው አዩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው አልሳቁም፣ ትከሻዋን ያዙ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የኮራችበት ቀን መኖሩን አታስታውስም።

ክሪስታሉን መድኃኒት ትሆናለች ብለው ካሰቧት ትንሽ ሞለኪዩል ጋር ዘፍዝፈው፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዘው፣ ትልቁ የጨረር ማሽን ወዳለበት ወደ ሌላ አገር ላኩት። ልኬቱን ጠብታ ከራሷ ጠረጴዛ ሆና በኮምፒውተር መራችው። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ክሪስታሉ በጨረሩ ተቃጠለ። ሌላ አልነበራቸውም። ያላቸው መረጃ ያው ነበር፣ አንድ ለእናቱ።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። የክሪስታል ምስል ጥራት በአንግስትሮም ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ምስሉ ይጠራል። ሁለት ነጥብ ስድስት ላይ የፕሮቲኑ አከርካሪና ወፋፍራም ክንዶቹ ይታያሉ። ሁለት ነጥብ አንድ ላይ ፕሮቲኑ ላይ የተጣበቁት የውሃ ሞለኪዩሎች ሳይቀሩ ይቆጠራሉ፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ፣ ወዴት እንደዞረ በድፍረት መናገር ይቻላል። የጠብታ ነጠብጣቦች እስከ ሁለት ነጥብ ስድስት ጥርት ብለው ይታዩ ነበር። ከዚያ በኋላ እየደበዘዙ ሄዱ።

«እስከ ሁለት ነጥብ አንድ ያለውን መረጃ ውሰጂ፤ እዚያ ላይ ቁረጪው» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ከሁለት ነጥብ ስድስት ወዲያ ያለው ጫጫታ ነው።»

«ጫጫታ ውስጥም እኮ ዘፈን ይኖራል። ደካማ መረጃ አውጥቶ መጣል ድሮ ቀረ፤ ዛሬ ማንም እንደዚያ አያደርግም።»

ችግሩ ይህ አባባል ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ደካማ መረጃም ቁም ነገር ይኖረዋል። ቁም ነገር ያለው መሆኑ የሚታወቀው ግን በፈተና ነው፤ ልኬቶቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ሁለቱ ግማሾች ይስማሙ እንደሆነ በማየት። ምስክሮችን ለየብቻ እንደመጠየቅ ማለት ነው። ጠብታ ይህን አድርጋለች። እስከ ሁለት ነጥብ ስድስት ምስክሮቹ አንድ ቃል ነበሩ። ሁለት ነጥብ ሦስት ላይ አንዱ ስለ ሰማይ ሌላው ስለ ምድር ያወራ ነበር። ሁለት ነጥብ አንድ ላይ ጭራሽ አይተዋወቁም።

ለጋሼ ነገረቻቸው። እሳቸውም ሰምተዋል። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ሌላ አገር ያለ ቡድን በዚሁ ኤንዛይም ላይ እየሠራ መሆኑ በአንድ ስብሰባ ላይ ተሰምቶ ነበር፤ ጋሼ ጡረታ ለመውጣት የቀራቸው አራት ዓመት ነው። «ልጄ» አሏት፣ እንደዚያ ብለዋት አያውቁም፤ «ይሄን ሳላይ እንዳልወጣ።»

ቆረጠችው፤ ሁለት ነጥብ አንድ ላይ።

ያን ጊዜ ነው የራሷን ጥፋት የጨመረችበት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲታተም መረጃውን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለው፤ በሠንጠረዡም ውስጥ የጥራቱ ዳርቻ ለብቻው የሚነገርበት የመጨረሻ ረድፍ አለ። ደካማው መረጃ እዚያ ላይ ራቁቱን ይቆማል። የተለመደው ረድፉ ጠባብ እንዲሆን ነው፤ ከሁለት ነጥብ ሁለት እስከ ሁለት ነጥብ አንድ ቢሆን ነው። ጠብታ አሰፋችው። ከሁለት ነጥብ ሰባት አስነሳችውና ጥሩውን ከመጥፎው ቀላቅላ አማካይ አወጣች። አማካዩ ሰው ፊት የሚቀርብ ቁጥር ሆነ። ይህን ያዘዛት የለም። ጋሼም አላወቁም።

ኪሱ ውስጥ፣ በሁለት ነጥብ ስድስቱ ምስል፣ ምንነቱ ያልታወቀ ትንሽ ጉብታ ነበር። ሞለኪዩሏን እዚያ ላይ አስቀመጠችና ቅርጹን የሚያርመውን ፕሮግራም ደጋግማ አስኬደችው። በእያንዳንዱ ዙር ምስሉ ሞለኪዩሏን እየመሰለ መጣ። ሌላው ማረጋገጫም አማረ። ሞዴል፣ ማለትም ከነጠብጣቦቹ የተገነባው ቅርጽ፣ ሲታረም ከሃያ ልኬት አንዱ በዕጣ ተመርጦ ተደብቆ ይቀመጣል፤ መጨረሻ ላይ ሞዴሉ ያላየውን ያን ምን ያህል አስተካክሎ እንደሚገምት ይታያል፤ ተማሪ አስቀድሞ ባላየው ጥያቄ እንደሚፈተን። ያ ቁጥር ከጠበቀችው በላይ ጥሩ ሆነ። «ታዲያ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉ ጋሼ። እሷም ልቧ ረጋ። እውነትም ሞለኪዩሏ እዚያ ሳትኖር አትቀርም አለች።

ሞዴሉን ለዓለም አቀፉ የፕሮቲን ማኅደር አስረከቡ። ማኅደሩ የተረከበውን ሁሉ መርምሮ ሪፖርት ይልካል፤ ሪፖርቱ ኪሱ ውስጥ ያለችው ሞለኪዩል ከመረጃው ጋር በደንብ እንደማትገጥም አመለከተ። እዚያ የሚሠራ አንድ ሰው በትህትና ደግመው እንዲያዩት ጻፈላት። መልሷ አጭር ነበር፦ «ተመልክተነዋል፤ እንዳለ ይቀመጥ።»

ጽሑፉ ታተመ። እትዬ የፕሮቲኑን ባለቀለም ሥዕል አሠርታ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር መሐል ላይ ያለችውን ቢጫ ነገር በጣቷ እያሳየች «ይቺን ያገኘቻት የኔዋ ናት» ትላለች።

ሁለት ዓመት አለፈ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ኬሚስት ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ የማይለይ፣ ቀልደኛ። ውሉ በየዓመቱ የሚታደስለት ሰው ነው። የጠብታን ሞዴል መሠረት አድርጎ፣ ሞለኪዩሏ በተቀመጠችበት አኳኋን ላይ ክንድ እየቀጠለ፣ ጭራ እየጨመረ አዳዲስ ሞለኪዩሎች ሲሠራ ነበር የቆየው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አራተኛ ፎቅ ወጥቶ በሯን አንኳኳ።

«አርባ ሦስት ሠራሁ» አለ ወንበር ሳይስብ። «አርባ ሦስቱም ኤንዛይሙን አይዙም። ሰው ጨለማ ውስጥ ድንጋይ ቢወረውር እንኳ አንዱ አይመታም?»

«ምናልባት የምትሞክርበት ሁኔታ…»

«ሁኔታውን ቀያየርኩት። ራሴንም ልቀይር ምንም አልቀረኝም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ እኮ! እስቲ ያቺን ኪስ አብረን እንያት።»

ከፈተችለት። ስክሪኑ ላይ ሞለኪዩሏ የሽቦ ወንፊት በሚመስል መረብ፣ ከመረጃው በተሰላው ምስል፣ ተሸፍና ቁጭ ብላለች። ኬሚስቱ ጎንበስ ብሎ ብዙ አያት። ከዚያ ያልጠበቀችውን ጠየቃት።

«አውጥተሻት፣ እንዳልነበረች አድርገሽ ከመጀመሪያው ብታሰይውስ? መረቡ ያለ እሷም ይመጣል?»

ይህን ማድረግ የነበረባት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሞለኪዩሏን አወጣች። ስሌቱ አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ኬሚስቱ ስለ ተበላሸው አሳንሰር አወራላት፤ እሷ ግን አልሰማችውም። ምስሉ ሲመጣ ኪሱ ውስጥ ሁለት ጥቃቅን ነጠላ ጉብታዎች ብቻ ነበሩ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ውሃ ሊሆን ይችላል። ጨውም ሊሆን ይችላል።»

«የኔዋ ሞለኪዩልስ?»

«እሷም… ልትሆን ትችላለች።»

«እንደሱ ከሆነማ እኔም ልሆን እችላለሁ» አለ። ልማዱ ሆኖበት ነው እንጂ የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ ራሱም አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያኔ ታውቂ ነበር?» አላት።

ጠብታ ለመዋሸት አፏን እስከ መክፈት ደርሳ ነበር። «ሁለት ነጥብ አንድ እንዳልሆነ አውቅ ነበር» አለች። «ሞለኪዩሏን ግን አምኜባት ነበር።»

ኬሚስቱ እርሳሱን ከጆሮው አወረደና በእጁ ያዘው። ወጥቶ ሄደ። በሩን እንኳ አልዘጋውም።

ሳምንቱን አሮጌ ፋይሎቿን ስትቆፍር ሰነበተች። ያ ያማረው ማረጋገጫ ለምን እንዳማረ ያወቀችው አርብ ዕለት ነው። ከሁለት ነጥብ ስድስት ወደ ሁለት ነጥብ አንድ ስትሻገር ፕሮግራሙ የሚደበቁትን ልኬቶች በአዲስ ዕጣ መርጦ ነበር፤ እሷ የድሮውን ይዘህ ቀጥል ማለት ረስታ። አዲስ ተደብቀው የተቀመጡት ልኬቶች አብዛኞቹ ሞዴሉ ለወራት ሲያያቸው የከረሙ ነበሩ። በአጭሩ ፈተናው አስቀድሞ ወጥቷል፤ ተማሪውም ደፍኖታል። ይህኛው ስህተት ነው፣ ሆን ብላ ያደረገችው አይደለም። ይህ ግን አላጽናናትም። ተጠንቅቃ ልትጠይቀው የሚገባትን ጥያቄ ያልጠየቀችው መልሱ ስለጣፈጣት ነው።

ሰኞ ጠዋት ላፕቶፗን ይዛ ጋሼ ቢሮ ገባች። ሁሉንም ነገረቻቸው። መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር የሰሟት።

«ማን ጠየቀሽ?»

«ኬሚስቱ። አሁን ግን እኔው ነኝ።»

«ስሚ፣ በዚያ ማኅደር ውስጥ ካሉት ስንቱ እንዲህ መሰለሽ? የኔንና የአንቺን ብቻ አውጥተሽ አደባባይ ልትሰቅይው ነው?»

ሠንጠረዡን አሳየቻቸው። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለቴ አነበቡት።

«ይሄን ማን አሰፋው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ አላዘዝኩሽም!»

«አላዘዙኝም፣ ጋሼ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ሲገረጣ አየች። ከዚያ ቀስ በቀስ ደም መለሰ። «እንግዲያው ጥፋቱ ያንቺ ነው።»

«የኔ ነው። ሁለት ነጥብ አንድ ያሉት ግን እርስዎ ነዎት።»

«ውጪ» አሉ። አልጮሁም። ድምፃቸው ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማ ሰው በዚያን ቀን ከጠረጴዛው ማዶ እንኳ በቅጡ አልተሰሙም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። እትዬ ከሥራ ገብታ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

ጠብታ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አሳየቻት። «ያቺ ቢጫዋ፣ እትዬ… እዚያ መኖሯን አላውቅም። አለች ብዬ የጻፍኩት ሳላውቅ ነው።»

እትዬ ዘወር ብላ ሥዕሉን አየችው፣ ከዚያ እህቷን። «ሰው ሞተ?»

«አልሞተም። መድኃኒት ሆኖ አያውቅም።»

«የሚያውቅ ሰው አለ?»

«ጋሼና አንድ ኬሚስት። ሁለት ዓመቱን በላሁበት።»

«እንግዲህ ዝም በያ። ዝም አይነቅዝም።»

«ይሄኛውስ ነቅዟል።»

እትዬ እግሯን ከውሃው አወጣች፤ ፎጣውን ግን አላነሳችም። ወለሉ ላይ ውሃው ሲንጠባጠብ አየችው። «ስንት ዓመት ነው እዚያ ብርድ ውስጥ የቆምሽው» አለች በመጨረሻ። «እኔ እንደሆንኩ ስፌት ሲጣመምብኝ ተርትሬ ነው የምሰፋው፤ የሚያባርረኝ የለም። አንቺን ያባርሩሻል።» ስትናገር ድምፏ ተሰበረ። እውነቷን ነበር። ጠብታ ፎጣውን አንስታ እግሯን ታደርቅላት ጀመር።

ለማኅደሩ ጻፈች። መልስ ሲመጣ ሞዴሉን ለመተካት የኃላፊው ስምምነት ያስፈልጋል አሏት። ጋሼ ካፈርኩ አይመልሰኝ አሉ። ኮሪደር ላይ ሲያልፉ ግድግዳውን እያዩ ያልፋሉ። ስብሰባ ላይ ስሟን መጥራት ሲኖርባቸው «እዚያ ጋ የተቀመጠችው» ይላሉ። ጠብታ ብላ የምትጠራት የቤተ ሙከራው ጸሐፊ ብቻ ቀረች። ጠብታም ለመጽሔቱ ጻፈች፤ መጽሔቱ ጥሬ ምስሎቹን ጠየቀ፣ ሰፊውን ረድፍ በሰባት ጠባብ ረድፍ ከፋፍላ ከምስሎቹ ጋር ላከችላቸው። ይህ ሁሉ ሦስት ወር ፈጀ። ከጋሼ ጋር ተጣልቶ መኖር ምን እንደሆነ ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር፤ አባቷ ሲሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ኢሜይሏን ስትከፍት ከእሳቸው መልእክት አገኘች። ለማኅደሩ የተላከ ነው፣ ለእሷ በግልባጭ። አንድ ቃል ብቻ አለው፦ «ይሁን።»

ሞዴሉ ተተካ። አዲሱ ሁለት ነጥብ ስድስት ይላል፤ ኪሱ ባዶ ነው። ጽሑፉም ከመጽሔቱ ተሰረዘ፤ ምክንያቱን የሚገልጸውን አጭር ማስታወሻ የጻፈችው እሷ ናት፣ ሰፊውን ረድፍ ማን እንዳሰፋው ሳትደብቅ። ተቋሙ ኮሚቴ አቁሞ መረመራት፤ ማስጠንቀቂያ ሰጣት፣ አላባረራትም። የጋሼ ፕሮጀክት ግን አልታደሰም። ጡረታቸውን አንድ ዓመት ቀድመው ወጡ፤ ስንብት አይዘጋጅልኝ አሉ። ያ አሥራ ስምንት ዲግሪ ክፍል ፈርሶ የጽሕፈት ዕቃ መጋዘን ሆነ።

የኬሚስቱ ውልም አልታደሰም። የመጨረሻ ቀኑ ላይ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ ደረጃው ላይ ተገናኙ። «ይቅር በለኝ» አለችው።

«እሞክራለሁ» አለ። «ባትነግሪኝ አርባ አራተኛውን እሠራ ነበር። ስትነግሪኝ ደግሞ ምንም የምሠራው የለኝም። የቱ እንደሚሻለኝ ገና አላወቅሁም።» ካርቶኑን ከአንድ ክንዱ ወደ ሌላው አዛውሮ ወረደ። አሁን የቀለም ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል አሉ።

ጋሼ መታመማቸውን በሰማች ጊዜ ጠብታ ለመሄድ ሁለት ሳምንት አመነታች። ሄደች። የከፈቱላት ባለቤታቸው ናቸው። ጋሼ መስኮት ስር በወንበር ላይ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ሲያዩዋት ግድግዳውን አላዩም።

«መጣሽ።»

«መጣሁ፣ ጋሼ። እንዴት ነዎት?»

«እንደምታይኝ።» ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳቡት። ከዚያ ድንገት፦ «ሞለኪዩሏ አለች። እኔ ዛሬም አያታለሁ።»

«የለችም አላልኩም። መረጃው አላሳየንም ነው ያልኩት።»

«ያው አይደል?»

«አይደለም፣ ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺታ ይሁን እንቢታ ሊገባት አልቻለም። ውሃ ቀዳችላቸው። ስትወጣ ባለቤታቸው በሩ ላይ ክንዷን ይዘው «ሰው ሲመጣ ያንቺን ነገር ነው የሚያወራ» አሏት። በበጎ ይሁን በክፉ አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ዛሬ አንደኛ ፎቅ ላይ ናት። የሌሎች ሰዎች መረጃ ወደ ማኅደር ከመሄዱ በፊት የምታየው እሷ ናት። ወጣቶቹ ይፈሯታል፤ ቁጥራቸውን ሳታሳንስባቸው አትመለስም ይላሉ። ግን የራሷ አሮጌ ሞዴል ገና በየቦታው አለ። ከማኅደሩ ቢነሳም ቀድመው ያወረዱት ሰዎች ኮምፒውተር ውስጥ ይኖራል። በዚያ ላይ ተመሥርተው የተጻፉ አሥራ አንድ ጽሑፎች አግኝታ ለአሥራ አንዱም ደብዳቤ ጻፈች። አራቱ መለሱላት። ሦስቱ አመሰገኗት፤ አንዱ «እናመሰግናለን፤ እኛ ግን ብዙ ርቀን ሄደናል» ብሎ ጻፈ።

ባለፈው ወር በአሮጌው ሞዴሏ ላይ የተመሠረተ አሥራ ሁለተኛ ጽሑፍ ታተመ። ከማታውቀው አገር ነው፣ ከማታውቃቸው ሰዎች። የመጀመሪያውን ገጽ አነበበችና አድራሻቸውን ፈልጋ መጻፍ ጀመረች።